ካሜራ በመልካ ጀብዱ ቀትር

«ካኖን ይሻላል ሶኒ?» የሚለው ክርክር ፎቶ ቤቴ ውስጥ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሠርግ ማንሳት የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ የሰፈሬ ልጆች ናቸው። በስልካቸው የውጭ ገምጋሚዎችን ቪዲዮ ሲያዩ አምሽተው፣ ቁጥሩን ሁሉ በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ይሄኛው ይህን ያህል ሜጋፒክስል አለው፣ ያኛው በሰከንድ ይህን ያህል ፎቶ ያነሳል። ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ። ለሙያው ፍቅር ያለው ልጅ ስለ ዕቃው ቢያወራ ደስ ይለኛል እንጂ አይሰለቸኝም። የሚያሳስበኝ ክርክሩ ሲያበቃ የሚመጣው ነገር ነው። አንዱ የእናቱን ወርቅ አሽጦ፣ ሌላው ዕቁብ ቀድሞ ወስዶ ዓመት ሙሉ የሚከፍልበትን ቦዲ ይገዛል፤ ሌንስ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ያልቅና አብሮት በመጣው ርካሽ ዙም ሠርግ ይገባል።

ስለዚህ እዚህ ለሚሠራ ሰው ካሜራ እንዴት እንደሚወዳደር የማስበውን ልጻፍ። እዚህ ስል መልካ ጀብዱን ማለቴ ነው፤ ከድሬዳዋ ከተማ በስተምዕራብ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ባሉበት በኩል። ገምጋሚዎቹ የሚሞክሩት ደመና ባለሰለሰው ብርሃን ውስጥ ነው። የእኛ ፈተና ሌላ ነው፤ ቀትር፣ የማታ አዳራሽና አቧራ።

ከቀትሩ ልነሳ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ትገኛለች። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች። በሌላውም ወቅት ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ለፎቶ አንሺ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል፣ ግንባር ያብለጨልጫል። ታዲያ ወደ ማታ ላይ አንሱ ይባላል። ፀሐይ ግን እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ከጠለቀች በኋላ ለሥራ የሚሆን ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሠርገኛ ደግሞ ፀሐይን አይጠብቅም። ሙሽሮቹ ከፀጉር ቤት የሚወጡት፣ ዘመድ የሚሰበሰበው፣ ምሳው የሚቀርበው ሁሉ ቀትር ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ። ኒም ዛፍ ሥር አቁመናቸዋል። ከኋላቸው በኖራ የተቀባ አጥር ፀሐይ ይመታዋል። የሙሽራው ፊት ጠይም ነው፣ የእሷ ቀይ ዳማ። ካሜራው ከሱፉ ጥቁረት እስከ አጥሩ ንጣት ያለውን ሁሉ በአንድ ፎቶ እንዲይዝ እንፈልጋለን። ይህን የመያዝ አቅም ዳይናሚክ ሬንጅ ይሉታል፤ በስቶፕ ይለካል፣ እያንዳንዱ ስቶፕ ደግሞ የብርሃኑ እጥፍ ነው። ዲ ኤክስ ኦ ማርክ የተባለው የፈረንሳይ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሲለካ 11.7 ስቶፕ ሰጠው። በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ750 14.5፣ በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ደግሞ 14.7 አገኙ። ካኖንም በ2016 በ5ዲ ማርክ 4 ወደ 13.6 ከፍ ብሏል። በማርክ 3ና በዲ750 መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሦስት ስቶፕ ይጠጋል፤ በብርሃን ሲተረጎም ሰባት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ኒሙ ሥር በዓይን ይታያል። ቬሎው ላይ ያለው ጥልፍ እንዳይጠፋ ፎቶውን ጠቆር አድርጌ በራው አነሳለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የጠቆረውን ክፍል ከፍ አደርገዋለሁ። በዲ750 የተነሳው የሱፉ ኮሌታና የሙሽራው ጉንጭ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በማርክ 3 የተነሳው ላይ ግን ጉንጩ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ሱፉም ላይ ቀጫጭን መስመር ይታያል። ጠይም ፊት በጥላ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ መስተካከል የሚፈልገው ያው የጠቆረው ክፍል ነውና። ካሜራ ከካሜራ አይለይም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ይለያል፣ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ከሜጋፒክስል በፊት ይህን ጠይቁ እላለሁ።

ግን ማርክ 3 ያለው ልጅ ይሽጠው ወይ? አይሽጠው። ሁለት ሜትር አቡጀዲ ይግዛ። ሁለት ሚዜዎች አቡጀዲውን ከሙሽሮቹ አናት ከፍ አድርገው ቢይዙለት የቀትሩ ብርሃን ተጣርቶ ይወርዳል፣ የዓይን ጥላ ይሳሳል። ከፊት ለፊት ነጭ ፎም ቢያስይዝ ደግሞ ከታች የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ያወጣዋል። በዚህ ዘዴ በጥላና በብርሃን መካከል ያለው ርቀት ስለሚጠብብ 11.7 ስቶፑ ይበቃል። እዚህ ቦታ ላይ አቡጀዲ ከአዲስ ቦዲ በላይ ይሠራል ስል ከልቤ ነው።

ሜጋፒክስልን ቶሎ እንለፈው። 24 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ካሜራ ፎቶው 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። የምንሠራው አልበም ከዚህ አይበልጥም፤ ሳሎን የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ ደግሞ ራቅ ተብሎ ነው የሚታየው። 45 ሜጋፒክስል የሚፈልግ ሥራ ያለው ይግዛ። የሌለው ግን ቢገዛ የሚያተርፈው የሃርድ ዲስክ ወጪ ብቻ ነው።

ወደ አዳራሹ እንግባ። እዚህ ላይ ሌንሱ ከቦዲው ይቀድማል። ከቦዲ ጋር በካርቶን የሚመጣው ዙም ሲረዝም አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 5.6 ይጠብባል። የካኖን ትንሿ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ትከፈታለች፤ ክብደቷ 160 ግራም ነው፣ ዋጋዋም ከሌንሶች ሁሉ ዝቅተኛው ተርታ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይለያያል። አሥር እጥፍ ብርሃን የሚያመጣ የቦዲ ለውጥ እስካሁን አላየሁም። አዲሱ ሴንሰር ከአሮጌው በአይ ኤስ ኦ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ቢሻል ነው፤ ገንዘቡ ግን የሌንሷን ብዙ እጥፍ ነው። በእርግጥ 50 ሚሊ ሜትሯ በክሮፕ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለምትሆን ጠባብ ሳሎን ውስጥ ኋላህ ግድግዳ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት 35 ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ይሻላል። ለሙሽሪት ፊት፣ ለሒና እጅ፣ ለዲራዕ ጌጥ ግን 50 እና 85 ሚሊ ሜትርን የሚያህል የለም።

አዳራሹ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ ገምጋሚዎቹ ብዙም አያነሱትም፣ እኛን ግን በየሠርጉ ይገጥመናል። መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ርካሹ ኤል ኢ ዲ አምፖል በሰከንድ መቶ ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም። ካሜራው ግን ያየዋል፤ ሹተሩ ፈጣን ሲሆን ፎቶው ላይ ጥቁር ሽንትር ይወጣል ወይም አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ ይሆናል። ሹተርን በ1/50 ወይም በ1/100 ማድረግ አብዛኛውን ያስተካክለዋል። ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ከሆነ ችግሩ ይባባሳል፤ ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ሽንትሩ ይበዛል። ኒካህ ላይ ላለመረበሽ ብለው ድምፁን የሚያጠፉ ልጆች ይህን ይወቁ። አንቲ ፍሊከር የሚሉት መላ በካኖን ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በ7ዲ ማርክ 2 የመጣ ነው፤ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ላይም አለ። ለአዳራሽ ሠራተኛ ይህ አንድ ነገር ከአሥር ሜጋፒክስል ይበልጣል። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሳ ግን የኸርዙ ልክ ከፍ ዝቅ ስለሚል ይኸው መላ ራሱ ይደናገራል። ያኔ ፍላሽን ወደ ኮርኒሱ አዙሮ መሥራት ነው።

አቧራውን በተመለከተ መልካ ጀብዱ የተለየች ናት። ድሬዳዋ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶ ከተማ ናት፤ ዛሬም የሲሚንቶ መኪና ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይነጣል። የሲሚንቶ ብናኝ እንደ ተራ አፈር አይደለም። ሻካራ ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይይዛል። ሌንስ ላይ እፍ ብሎ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ማለት የእስትንፋስን እርጥበት ከብናኙ ጋር አደባልቆ መስተዋቱን መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ መጨረሻ ላይ።

እዚህ ላይ ሚረርለስና ዲ ኤስ ኤል አር ይለያያሉ። በዲ ኤስ ኤል አር ሌንሱ ሲወጣ ሴንሰሩ ፊት መስተዋቱና ሹተሩ አሉ። መስተዋት የሌለው ሚረርለሱ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ግን ሌንሱ እንደወጣ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። ካኖን በ2018 ያወጣው ኢ ኦ ኤስ አር ካሜራው ሲጠፋ ሹተሩን ይዘጋል፤ ሶኒም በ2021 በኤ7 ማርክ 4 ላይ ይህን ምርጫ ጨምሯል። በየቪዲዮው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚሰጠው ይህ ጉዳይ ለእኛ ትልቅ ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ የሚቀይር ሰው ማታ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሲለቅም ያድራል፤ በተለይ በኤፍ 16 ያነሳው እንደሆነ። ለዚህ ነው አንዳንድ ጎበዝ ሠራተኛ ሁለት አሮጌ ቦዲ ላይ ሁለት ሌንስ አሥሮ ቀኑን ሙሉ ሳይነቅል የሚውለው። እኔም የምመርጠው ይህን ነው።

ሙቀቱንም አልረሳሁትም። አብዛኛው ካሜራ የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠራ ነው፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በግንቦትና በሰኔ እዚህ አየሩ ራሱ ወደዚያ ይጠጋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ቦዲ ወይም ባጃጅ መቀመጫ ላይ የተረሳ ቦርሳ ያልፈዋል። ካኖን አር5 በ2020 ሲወጣ 8ኬ ቪዲዮ በ23 ዲግሪ ክፍል ውስጥ እስከ 20 ደቂቃ ይቀርጻል ብሎ ራሱ ኩባንያው አስታውቆ ነበር። ሙሽራ የሚያጅብ ቪዲዮ ቀራጭ ይህን ቁጥር ከእኛ ቀትር ጋር ያስላ።

የአገሩ ጠባይ የካሜራን ሥራ ሲወስን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለንግድ ሐረር ተቀምጦ ሳለ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ያነሳባቸውን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነው ሲል ጽፎላቸዋል። ካሜራው ከአውሮፓ ነበር፣ ውኃው ግን የሐረር። እኛ ፊልም ማጠብ ትተናል፤ ብርሃናችንና አቧራችን ግን አብረውን አሉ።

ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ፣ «አቦ፣ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ዕቃ አግኝቻለሁ፣ እየኝ» አለኝ። አሮጌ ፉል ፍሬም ካኖን ከ85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ነው። አዲስ ክሮፕ ሚረርለስ ከነካርቶኑም አማርጠውታል። አሮጌውን ውሰድ አልኩት፤ ግን እንዲህ ካየነው በኋላ። የሹተሩን ቆጠራ ጠየቅን፣ ለዚያ ዓይነቱ ቦዲ ፋብሪካው የገመተው 150,000 ስለሆነ ከዚያ ብዙ ያነሰ መሆኑን አረጋገጥን። ኤፍ 16 ላይ አድርገን ሰማዩን አነሳንና ነጠብጣቡን አየን። ከዚያ ሌንሱን ነቅለን፣ አፐርቸሩን ከፍተን፣ የስልክ ባትሪ ከኋላ አበራንበት። ትንሽ አቧራ ጉዳት የለውም። የምንፈራው እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋውን ሻጋታ ነው፤ የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ ብዙ አያድግም፣ እርጥበት ካለበት የባሕር ዳርቻ የመጣ ሌንስ ላይ ግን አይጠፋም። ጠርዙ ላይ አንዲት ጭረት ብቻ አገኘን። ለእሷ ዋጋ አስቀንሶ ገዛ፤ በተረፈው ብር መንፊያና አቡጀዲ ግዛ ብዬዋለሁ።