ከሰሌዳው በፊት ጫማው

ከዴንቨር ተነሥቶ ሀይዌይ 70ን ይዞ ወደ ምዕራብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው፣ መንገዱ አይዘንሃወር ዋሻ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሎቭላንድ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ያገኛል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ከመቆም አይተናነስም። ስኖውቦርድ የተማርኩት እዚያ ነው። ዕድሜዬ 41 ነበር።

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንኖራለን። ተራሮቹን በየጠዋቱ ከመስኮታችን እናያቸዋለን፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይወጡባቸዋል። እኛ ወላጆች ግን በረዶን የምናውቀው ሌሊት ከሥራ ስንወጣ ከመኪና መስታወት ላይ ስንፍቀው ነው። ይህ እንዲለወጥ ከልቤ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ለቅሶ ቤት ያገኘኝ ሰው «እኔም ልጀምር ነው፤ የቱን ሰሌዳ ልግዛ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ሁልጊዜ ስለ ጫማ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች የሚታሰሩበት፣ ሰው ጎኑን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ የሚቆምበት አንድ ሰሌዳ ነው። ልቡ እንጨት ነው፤ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ለብሷል፤ በረዶውን የሚነካው ሆዱ ሰም የሚቀባ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ዙሪያውን ቀጭን የብረት ጠርዝ ይዞረዋል። ሰሌዳው ወገብ አለው፤ መሐሉ ከሁለቱ ጫፎቹ ይቀጥናል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ወገብ ላይ ነው። ሰሌዳው ጋደል ብሎ በአንድ ጠርዙ ሲቆም የጎኑ ጉብጠት በረዶው ላይ ቅስት ይሥላል፤ የቆመበትም ሰው ቅስቱን ተከትሎ ይዞራል። መሪ የለውም፤ ፍሬን የለውም። መሪውም ፍሬኑም ጠርዙ ነው፤ አንዱ በተረከዝ በኩል፣ ሌላው በእግር ጣቶች በኩል።

ጠርዙን የሚያጋድለው ደግሞ እግር ነው። ተረከዝ ጫን ሲል ወይም ጣቶች ጫን ሲሉ ያ ትንሽ እንቅስቃሴ ከእግር ወደ ጫማ፣ ከጫማ ወደ ማሰሪያ፣ ከማሰሪያ ወደ ብረቱ ይተላለፋል። ተረከዝ ጫማው ውስጥ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብድግ የሚል ከሆነ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ሰሌዳው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አይሰማም።

የዕቃው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1965 በገና ዕለት፣ ሚሺጋን ውስጥ በምትገኘው ማስኪገን ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ ኢንጂነር ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጋጥሞ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራ። ሚስቱ «ስኖው»ንና «ሰርፍ»ን አዋሕዳ «ስነርፈር» አለችው። አፍንጫው ላይ ገመድ ታሰረለት፤ ልጆች ገመዱን እንደ ልጓም ይዘው ቁልቁል ይንሸራተቱበት ነበር። እግር ግን ሰሌዳው ላይ ይቀመጥ እንጂ አይታሰርም። ጄክ በርተን ካርፔንተር በ1977 ቬርሞንት ውስጥ የራሱን ሰሌዳ መሥራት ሲጀምር ከጨመራቸው ነገሮች ዋናው ማሰሪያ ነበር። እግር ሲታሰር ጠርዝ መታዘዝ ጀመረ። የስኪ ተራሮች ስኖውቦርድን ለረጅም ጊዜ ሲከለክሉ ቆይተው ቬርሞንት ያለው ስትራተን በ1983 ፈቀደ፤ ስፖርቱም በ1998 ናጋኖ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ስኖውቦርድ የማያስገቡት ሦስት ተራሮች ብቻ ናቸው፤ ዩታ ያሉት አልታና ዲር ቫሊ፣ ቬርሞንት ያለው ማድ ሪቨር ግሌን።

«በረዶ የእኛ ነገር አይደለም» ለሚለኝ ሰው ሮቤል ተክለማርያምን አነሣለታለሁ። በ2006 ቱሪን ላይ፣ ከዚያም በ2010 ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የአገራችንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጠራው እሱ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ቀን የባከነው በጫማ ነው። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ኪራይ ቤት ስከራይ ብርዱን ፈርቼ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ ነበር። ወጣቱ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ያመጣልኝ አልገባ ሲል አንድ ቁጥር ጨምሮ ሰጠኝ፤ እኔም ስለተመቸኝ አመስግኜ ወጣሁ። ተራራው ላይ ግን ተረከዜን ስጫን ሰሌዳው ዝም ይላል። እግሬ ጫማው ውስጥ ይዋኛል። ደጋግሜ ከወደቅሁ በኋላ «ይህን ነገር በልጅነቱ ያልጀመረ አይችለውም» ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን አምኜ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ነበረች። ካልሲዬን አስወልቃ የብረት መለኪያ ላይ አቆመችኝና የእግሬን ርዝመትም ስፋትም ጻፈች። ከዚያ አንድ ቀጠን ያለ የሱፍ ካልሲ ሰጠችኝ። ጫማውን እንዳጠለቅሁ፣ ሳላስረው፣ ተረከዜን ወለሉ ላይ ሁለት ሦስቴ እንድመታ አደረገችኝ፤ እግር ወደ ኋላ ገብቶ ቦታውን እንዲይዝ ነው። መጀመሪያ የውስጡን፣ ቀጥሎ የውጪውን አጠበቅሁ። ቀጥ ብዬ ስቆም የአውራ ጣቴ ጫፍ የጫማውን አፍንጫ ነካ። «ጉልበትሽን እጠፊ» አለችኝ፤ ሳጥፍ ጣቴ ትንሽ ሸሸ። ከዚያ ተንበርክካ ሁለት እጇን ጫማው ላይ ጭና «አሁን ተረከዝሽን አንሺ» አለች። ብሞክር አልነሣ አለ። «ጫማሽ ይሄ ነው» አለችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሱቁ ውስጥ እንድዞርበት አደረገች፤ የሚያደነዝዝ ወይም ነጥሎ የሚቆረቁር ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃልና።

ጫማ የሚለካው እንዲህ ነው። አዲስ ጫማ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ከጥቂት ቀን በኋላ እየተጫነ ይሰፋል። ሁለት ካልሲ መደረብ እግርን አያሞቅም፤ ይሸበሸባል፣ ደም ያግዳል፣ ጣት ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አምራቾች የጫማን ግትርነት ከ1 እስከ 10 ይቆጥሩታል፤ ለጀማሪ 3 ወይም 4 ይበቃል። አጠባበቁ በተራ ክር፣ በሚሳብ ገመድ ወይም በሚዞር ቁልፍ ነው፤ ጓንት ያደረገ እጅ የሚቀናው ቁልፉ ነው። ያገለገለ ሰሌዳ ቢገዛ አልቃወምም፤ ያገለገለ ጫማ ግን የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ስላለበት አልመክርም።

ሰሌዳው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ኪራይ ይሁን። ሲመረጥ ከቁመት ይልቅ ክብደት ነው የሚታየው፤ አምራቹ የኪሎ ሰንጠረዥ ያወጣል። ሲያቆሙት ከአገጭ እስከ አፍንጫ ይድረስ የሚለው የቆየ ልኬት ለመነሻ ብቻ ያገለግላል። ለጀማሪ ለስለስ ብሎ የሚታጠፍ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል የሆኑ፣ ሆዱ ዝርግ ወይም ዳርና ዳሩ ቀና ያለ ሰሌዳ ይሻላል፤ ጠርዙ ባልታሰበበት ሰዓት በረዶ አይነክስም። ጫማቸው በአሜሪካ ቁጥር 11 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወንዶች ሰፊውን ዓይነት ይጠይቁ፤ አለበለዚያ የጫማው አፍንጫ ወጥቶ በረዶ ይጎትታል። ግራ እግር ከፊት ከሆነ «ሬጉላር»፣ ቀኝ ከሆነ «ጉፊ» ይባላል። የትኛው እንደሆኑ ለማወቅ በካልሲ ሮጥ ብለው ልሙጥ ወለል ላይ ይንሸራተቱ፤ ሳያስቡት ያስቀደሙት እግር የፊቱ ነው። ማሰሪያዎቹን ሁለቱም ወደ ውጭ እንዲያዩ፣ የፊቱን 15 ዲግሪ፣ የኋላውን ወደ ሌላው አቅጣጫ 15 ወይም ትንሽ ያነሰ ያስደርጉ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ጂንስና የጥጥ ሹራብ እቤት ይቅሩ፤ ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም። ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ ጓንት፣ የበረዶ መነጽር ያስፈልጋል። ሄልሜት ግዴታ አድርገው ይያዙት። ለእኛ ሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሄልሜት ሲለካ ፀጉር ተራራ በሚወጣበት አኳኋን መሠራት አለበት። ሹሩባ ተኝቶ ሲሠራ በደንብ ይገባል፤ አናት ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ግን ሄልሜቱን ከቦታው ያነሣዋል።

የእጅ አንጓ መከላከያም ይግዙ። የጀማሪ ስኖውቦርደር ዋናው ጉዳት አንጓ ላይ ነው፤ የሚወድቅ ሰው መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ለመመከት ይሞክራልና። ስለዚህ ከመንሸራተት በፊት መውደቅ ይማሩ። ወደ ፊት ሲወድቁ እጅን ጨብጦ በጉልበትና በክንድ፤ ወደ ኋላ ሲወድቁ አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ በመቀመጫ ተቀብሎ መንከባለል ነው። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠሩንም ብናኙንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ሁሉ በረዶ እንለዋለን። ተራራ ላይ ግን ልዩነቱ አጥንት ይነካል። አዲስ የወረደው እንደ ዱቄት ይቀበላል፤ ቀልጦ ሌሊት ዳግም የረጋው እንደ ሲሚንቶ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው አንድ እግር ብቻ ታስሮ፣ በሌላው እየገፉ ሜዳ ላይ በመሄድ ነው። ቀጥሎ ሁለቱም እግሮች ይታሰሩና ሰሌዳው ቁልቁለቱን አቋርጦ፣ በተረከዝ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወደ ታች መንሸራተት ይመጣል። ከዚያ ያው በጣቶች ጠርዝ፣ ፊትን ወደ ዳገቱ መልሶ። ይህን አሰልቺ የሚመስል ልምምድ መዝለል አይገባም። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ከአስተማሪ ጋር ጠዋቱን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው።

አስቸጋሪው ቦታ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ነው። በመሐል ሰሌዳው ለአንድ አፍታ አፍንጫውን ቀጥታ ቁልቁል ያዞራል፤ ሰው የሚፈራው ያን ጊዜ ነው። ልጅ ወድቆ ይነሣል፤ የእኛ ልብ ግን ሰኞ ያለውን ሥራና የቤት ኪራዩን ያስባል። ፍርሃት ደግሞ ሰውነትን ወደ ኋላ ይጎትታል። ክብደት ወደ ኋላው እግር ሲሄድ የፊቱ ይቀልላል፤ የፊት ጠርዝ ከቀለለ ሰሌዳው አይዞርም፤ ካልዞረ ይፈጥናል። እንድንድን ብለን የምናደርገው ነው የሚጥለን። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶ ከነከሰ ሰው እንደ በር ተዘግቶ ይወድቃል።

አስተማሪዬ ይህን ያስጣለችኝ በቃል አይደለም። ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደች የፊቱን እጄን ያዘችና ጥድ ዛፍ እንዳመለክት አደረገችኝ። «እግርሽን አትዪ፤ ዛፉን እዪ፤ ጉልበትሽን ወደ ዛፉ ግፊ» አለችኝ። ጉልበቴን ስገፋ ክብደቴ ሁሉ ከፊት እግሬ ላይ ዐረፈ። ጫማዬ ውስጥ ተረከዜ ንቅንቅ አላለም። ሰሌዳው አፍንጫውን አዞረ፤ የጣቶቼ ጠርዝ በረዶውን ያዘ፤ የጨርቅ ቅድ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ቆምኩ። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም።

ሊፍት ላይ የኋላውን እግር ፈትተው ይቀመጡ፤ ሲወርዱ ወደ ፊት ይዩ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴ ክብ ቀላሉን ቁልቁለት፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛውን፣ ጥቁር አልማዝ ከባዱን ያመለክታል። ከእርስዎ በታች ያለ ሰው ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው። በዚያ ከፍታ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ አየሩም ስስ ነው፤ ውኃ ይጠጡ።

ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጫማ ይግዙ፤ ለሁለት የሚበቃ ከሆነ ሁለተኛው የአስተማሪ ክፍያ ይሁን። ማርችና ኤፕሪል ላይ ሱቆች ዋጋ ይቀንሳሉ። ለመፍረድም ሦስት ቀን ይስጡት፤ የመጀመሪያው ከሁሉ ይከብዳል። ቅዳሜና እሑድ ሀይዌይ 70 ይጨናነቃል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ከቤት ይውጡ። ካልሲ አንድ ብቻ።