«ይሠራል እኮ» ብቻ አይበቃም፦ ስለ መርካቶ ሱቆች ኔትወርክ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

መርካቶ ውስጥ ብዙ የጅምላ መደብሮች ዛሬ ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር አላቸው። አንዱ ምድር ቤት ካሸሯ ዘንድ፣ ሌላው ፎቅ ላይ የሂሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዳንዴም ሦስተኛው ስቶር ውስጥ ይቀመጣል። በኬብልና በአንዲት ትንሽ ስዊች ተያይዘው፣ ሁሉም ከአንዱ ማሽን ላይ ያለውን ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ፎልደር ይከፍታሉ። ፎልደሩ ያለበት ማሽን «ሰርቨር» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሌሎቹ የማይለይ ተራ ዴስክቶፕ ነው። የያዘው ነገር ተራ አይደለም። ዱቤ የወሰደው ደንበኛ ስምና ዕዳ፣ የዕቃው መግቢያ ዋጋ፣ ለግብር የሚቀርበው የዓመቱ ግዥና ሽያጭ በሙሉ እዚያ አለ።

ባለሙያው መጥቶ ኮምፒዩተሮቹን ያያይዛል፣ ባለሱቁ «ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ፎልደሩ ሲከፈት ያይና ሒሳቡን ይከፍላል። ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል። ነገር ግን ፎልደሩ ተከፈተ ማለት በትክክል ተዋቅሯል ማለት አይደለም። እንዲያውም ቶሎ እንዲከፈት ተብለው የሚደረጉት ማስተካከያዎች ናቸው ሱቁን ለአደጋ የሚያጋልጡት። ከእነዚህ ማስተካከያዎች ጀርባ ደግሞ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲወርዱ የኖሩ የተሳሳቱ እምነቶች አሉ።

«ፋየርዎሉ ካልጠፋ ፋይል ሼር አይሆንም»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ይህ ነው። በኔትወርክ የሚመጣውን ግንኙነት የሚያጣራው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ፋየርዎሉ፣ ሲጠፋ ፎልደሩ ስለሚከፈት እውነት ይመስላል። ትክክለኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ ከአዲስ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድባል። ፐብሊክ ከሆነ፣ ማሽኑ ካፌ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ያህል ቆጥሮ ራሱን ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ይሰውራል፤ ፋይል ማጋራትንም ይከለክላል። የሱቁን ኔትወርክ ወደ ፕራይቬት መቀየርና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚለውን መፍቀድ በቂ ነው። ሁለቱም አንድ ደቂቃ አይፈጁም።

የፒችትሪ ተጠቃሚዎች ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፒችትሪ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። ፐርቫሲቭ ደግሞ ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር የሚነጋገረው 1583 እና 3351 በሚባሉ የራሱ ፖርቶች ነው። ፋይል ማጋራት ተፈቅዶ እያለ ፒችትሪ አልከፍት ሲል ባለሙያው ተስፋ ቆርጦ ፋየርዎሉን ያጠፋዋል፤ መፍቀድ የነበረበት እነዚያን ፖርቶች ብቻ ነበር። አንዴ የጠፋ ፋየርዎል ደግሞ ሰው መልሶ እስኪከፍተው ድረስ እንደጠፋ ነው። የጠፋው በሂሳብ ሠራተኛው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ሲሄድ፣ ሆቴል ዋይፋይ ላይ ሲቀመጥ፣ ያለ መከላከያ ነው።

«ሁላችንም ቤተሰብ ነን፣ ፓስወርድ ምን ያደርጋል?»

የመርካቶ ንግድ በመተማመን ላይ የቆመ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ዕቃ በቃል ብቻ ሲወጣ ይታያል። ይህ መተማመን የሚከበር ነገር ነው። ፓስወርድ ግን የሚተከለው በሠራተኛው ላይ ጥርጣሬ ስላለ አይደለም። በሠራተኛው ኮምፒዩተር የሚገባውን ቫይረስ ለመገደብና ስህተት ሲፈጠር ማን ምን እንደነካ ለማወቅ ነው። ይህ ለሠራተኛውም ይጠቅማል፦ አንድ ፋይል ሲጠፋ ሁሉም አይጠረጠርም።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ፎልደሩ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጭነን «ፕሮፐርቲስ» ስንገባ ሁለት የተለያዩ ገጾች እናገኛለን፤ «ሼሪንግ» እና «ሴኩሪቲ»። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ላይ «ኤቭሪዋን» ተብሎ «ፉል ኮንትሮል» ተሰጥቷል። ከዚያም «ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» የሚለው እንዲጠፋ ተደርጓል። የሁለቱ ድምር፣ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘ ማንም ሰው ስሙን ሳይናገር ገብቶ ማንበብ፣ መለወጥና መሰረዝ ይችላል ማለት ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ የተቀበለ ደንበኛም «ማንም» ውስጥ ነው።

ሁለቱ ገጾች ለምን ተለያዩ? በኔትወርክ በኩል ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ይሠራሉ፤ ከሁለቱ ጠበብ ያለው ፈቃድ ይጸናል። ማሽኑ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ግን የሚሠራው «ሴኩሪቲ» ብቻ ነው። ስለዚህ «ሼሪንግ» ላይ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ «ሴኩሪቲ»ውን ክፍት የተወ ሰው፣ ሰርቨሩ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው ሁሉ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሰጥቷል።

ትክክለኛው መንገድ ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ መክፈት ነው። ሠራተኛው በራሱ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ አስገብቶ «ሪሜምበር» ካለ በየቀኑ አይጠየቅም። በፒችትሪ የሚሠሩት በኩባንያው ፎልደር ላይ የመጻፍም ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው ለእነሱ በስማቸው ይሰጣቸው። የዋጋ ዝርዝሩና የዕቃ ፎቶዎቹ በሌላ ፎልደር ይሁኑ፤ ለካሸሯና ለስቶር ሠራተኛው ማንበብ ብቻ ይበቃቸዋል።

አሁን አሁን ይህ እምነት በራሱ እየወደቀ ነው። የዊንዶውስ 11 ፕሮፌሽናል አዳዲስ እትሞች ስሙን ያልተናገረ እንግዳ የሚገባበትን ፎልደር ለመክፈት እምቢ ይላሉ። አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ባለሱቅ «አሮጌው ይከፍታል፣ አዲሱ አይከፍትም» ሲል ይደመጣል። አዲሱ ማሽን አልተበላሸም፤ አሮጌው አወቃቀር ነው መስተካከል ያለበት።

«እኛን ማን ይፈልገናል?»

በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አዳረሰ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። ቫይረሱ ማንንም አልመረጠም። የመጀመሪያውን የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ፣ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን፣ የሚናገርና ያልታደሰ ማሽን ባገኘበት ሁሉ ያለ ማንም ንክኪ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ነበር። የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው።

አዳዲሶቹ የዊንዶውስ እትሞች ኤስኤምቢ 1ን ሳይጭኑ ይመጣሉ። እኛ ዘንድ ግን አሮጌ የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን ወይም ያረጀ ስካነር አልገናኝ ባለ ቁጥር ተመልሶ እንዲበራ ይደረጋል። ለአንድ ስካነር ተብሎ የመደብሩ ሒሳብ ሁሉ ለእንዲህ ያለ ቫይረስ ይከፈታል። ይህ አይገባም። ዊንዶውስ 10ም በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ማብቃቱን አለመርሳት ነው።

«ኔትወርኩን ቫይረስ በላው»

መብራት ሄዶ ሲመለስ ካሸሯ ፎልደሩን ታጣዋለች። ባለሙያ ይጠራል፣ ይከፈለዋል፣ ይስተካከላል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ይደገማል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የለም። ሰርቨሩ የተያዘው በቁጥር አድራሻው ነበር፣ ለምሳሌ 192.168.1.5 ተብሎ። ለኮምፒዩተሮቹ ቁጥር የሚያድለው ራውተር ዳግም ሲነሣ ለሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ሰጠው፤ የካሸሯ ማሽን ግን አሁንም የድሮውን ይፈልጋል። መድኃኒቱ ራውተሩ ውስጥ ያ ቁጥር ለሰርቨሩ ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ይኑረው፤ ሥራ በሚፈታበት ጊዜ እንዳይተኛም «ስሊፕ» የሚለው «ኔቨር» ላይ ይሁን። ፒችትሪ እየጻፈ ሳለ ማሽኑ ሲተኛ ወይም ሲጠፋ የሚበላሸው የሒሳቡ ፋይል ነው።

«ኢንተርኔት የለም» ሲባል ሥራ የሚያቆሙም አሉ። በስዊች የተያያዙ ኮምፒዩተሮች ፋይል ለመለዋወጥ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ እንኳ የሱቅ ውስጥ ኔትወርክ የሚያቆምበት ምክንያት አልነበረም። «የዋይፋዩን ስም ደብቀነዋል» የሚሉም አሉ፤ ስም መደበቅ ግን መከላከያ አይደለም፤ በነጻ በሚገኝ የስልክ መተግበሪያ መኖሩ ይታወቃል። የሚከላከለው ጠንካራ ፓስወርድ ነው፤ ራውተሩ ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ የሚሰጥ ከሆነ ደንበኛ በዚያ ይግባ።

«ባክአፕ አለን፣ ዲስኩ እዚያው ተሰክቷል»

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሣውን እሳት የመርካቶ ሰው አይረሳውም። ብዙዎች የዓመታት ልፋታቸውን በአንድ ሌሊት አጥተዋል። ሰርቨሩ ጎን የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ሌባም ሁለቱን አብሮ ይወስዳቸዋል። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ደግሞ የተሰካውን ዲስክ ልክ እንደ ዋናው ይቆልፈዋል። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ሌላም አለ። የኩባንያውን ፎልደር ፒችትሪ ክፍት እያለ ወደ ፍላሽ መገልበጥ በብዙ ሱቅ የተለመደ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ፐርቫሲቭ ፋይሎቹን ይዟቸዋል፤ የተገለበጠው ግማሹ የጠዋቱ፣ ግማሹ የከሰዓቱ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ሲያልቅ ሁሉም ከፕሮግራሙ ይውጡ፣ ከዚያም ፒችትሪ ራሱ «ፋይል» በሚለው ሥር ባለው «ባክ አፕ» ይሠራው። የሚወጣው አንድ ፋይል ነው፤ ስሙም በፒቲቢ ያልቃል። ይህን ፋይል በሁለት ዲስክ እያፈራረቁ፣ አንዱ ከመርካቶ ውጭ፣ ቤት እንዲያድር ማድረግ ወጪው የሁለት ዲስክ ዋጋ ብቻ ነው።

ባክአፕ አለን የምትሉ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ገበያው ጸጥ ሲል፣ የመጨረሻውን የፒቲቢ ፋይል ፒችትሪ በተጫነበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ፈልጉት። ካላገኛችሁት ሰኞ ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ባለሙያ ጥሩ፤ ፎልደሩ መከፈቱን ብቻ አይታችሁ ግን አትክፈሉት።