ከበርሜል እንደወጣ የታሸገ ቡርቦን አቀማመስ
በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የተባለው ውስኪ የሚወጣው ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ከሆነ ድፍድፍ ነው፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ነው። በርሜል ሲገባ አልኮሉ ከ62.5 በመቶ፣ በአሜሪካውያን አቆጣጠር ከ125 ፕሩፍ፣ መብለጥ የለበትም። በኬንታኪ መጋዘኖች ሞቃታማ የላይኛው ፎቅ ላይ ግን ውሃው ከአልኮሉ ፈጥኖ ስለሚተን ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። “ባረል ፕሩፍ” የሚባለው ይህን ጥንካሬውን እንደያዘ የታሸገው ነው።

እንዲህ ያለውን ስቀምስ አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ አልከትም። ቀድቼ ጥቂት አሳርፈዋለሁ፤ ከዚያ አፌን ከፈት አድርጌ፣ ራቅ ብዬ አሸታለሁ። መጀመሪያ ፉት የምለው ምላሴን ለማለማመድ ብቻ ስለሆነ አልፈርድበትም። ማቃጠሉንም እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ 60 በመቶ አልኮል ያቃጥላል። የምፈልገው ከቃጠሎው ጀርባ ያለውን ነው፦ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ቀረፋ፣ የተቆላ ለውዝ።

ትልቁ ፈተና ውሃ ነው። ጠብታ በጠብታ ጨምሩና በየመሃሉ ቅመሱ። መዓዛው እየተከፈተ ከሄደ ጥሩ ቡርቦን ነው፤ ሳስቶ የእንጨት ምሬት ብቻ ከቀረ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር በእኔ ዘንድ ዋጋ የለውም።

የምትቀዱትንም መጠን ቀንሱ። 30 ሚሊ ሊትር ባለ 60 በመቶ፣ ከ45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ጋር እኩል አልኮል አለው።