የመማሪያ ክፍሉም ቤተ ሙከራ ነው

ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ሲደርስ በላዩ የሚያርፈው ኃይል ስንት ነው? የኒውተንን ሕጎች በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እንኳ «ዜሮ» ሊል ይችላል፤ ስበቱ ግን አልተቋረጠም። በሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዱራሜ ካምፓሱ የሚያስተምር መምህር ይህን ጉድለት በምን ይለካው?

እ.ኤ.አ. በ2003 በአገራችን የተጀመረው የመምህራን ከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም መምህሩ የራሱን ክፍል የሚያጠናበትን ተግባራዊ ምርምር ያካትታል (ፎርም መሙያ ካላደረግነው)። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክፍሉ ከትምህርቱ በፊት በአማካይ 40፣ በኋላ 55 ከመቶ ቢያመጣ፣ ሊያድግ ይችል ከነበረው 60 ነጥብ ያደገው 15 ነው፤ እድገቱ 0.25 ይሆናል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው የ6,542 ተማሪዎች ጥናት በተለመደው ገለጻ የተማሩት ክፍሎች በአማካይ 0.23፣ ተማሪው የሚሳተፍባቸው 0.48 አግኝተዋል። የመጀመሪያው ፈተና ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ካልተሰጠ ግን የሚነጻጸር ነገር አይኖርም።