ደብተሩ ማን እጅ ነው? ለዶክትሬት ተማሪዎቻችን

ከቶሮንቶ

ከአገር ስንወጣ የያዝነው አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበር። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት ያጠራቀምናቸው የማስታወሻ ደብተሮችና የቃለ ምልልስ ካሴቶች በመሳቢያ እንደተቆለፈባቸው ቀሩ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሳን። አንደኛው፣ ሰው አምኖ የሰጠን ቃል ቅጂ ሳይኖረው መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ደብተር ከነስሙ ማን እጅ ይገባ ይሆን የሚለው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሳነው የራሳችንን ብሶት ለማውራት አይደለም። እዚህ ቶሮንቶም ሆነ በሌሎች የካናዳ ከተሞች ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩ ልጆቻችን ፊት ያው ሁለት ጥያቄ ተደቅኗልና ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሦስቱ የካናዳ ፌዴራል የምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋማት የጥናት መረጃ አያያዝ ፖሊሲ አወጡ። በፖሊሲው መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ማርች 1 ቀን 2023 ድረስ ስትራቴጂያቸውን ለሕዝብ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ መረጃ በተማሪው ላፕቶፕ ውስጥ ተወሽቆ መቅረት የለበትም ነው ነገሩ። ለዚሁ የሚያገለግለው «ቦሪያሊስ» የተባለው የመረጃ ማኅደርም የሚተዳደረው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው።

ለመሆኑ ይህ ለኢትዮጵያዊ ምን ያደርግለታል? ከፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ታሪክ የተሻለ መልስ አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በኢትዮጵያ ተጀመረ። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂያቸውም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው ሂል ቤተ መጻሕፍት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች በጥይት መትተው ከተሽከርካሪ ወንበር ያዋሏቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው፣ በስደት ሆነው የእነዚያን ፊልሞች ይዘት ቅጽ በቅጽ መዘገቡ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው ግን አለ። ዛሬ ብዙዎቹ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ። ልብ እንበል፤ ፎቶ ማንሳቱ ብቻ አልበቃም። የትኛው ገድል የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ፊልም የተቆለፈ ሣጥን በሆነ ነበር።

እዚሁ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ማይክል ገርቨርስ ከኤቫ ባሊስካ ቪታኮቭስካ ጋር ሆነው ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ፎቶ ይዟል። በአንድ ተመራማሪ ካሜራ ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ማን ያያቸው ነበር?

አገር ቤትም ቢሆን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲዎች ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ጦርነቱ መጣ። የአዲግራት፣ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፤ ወደሙ። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። በውስጡ የነበረና ሌላ ቅጂ የሌለው የአንድ ተማሪ የአራት ዓመት ልፋት ግን በምን ይተካል?

እንግዲህ ሁሉንም በሩን ከፍተን እንስጥ ማለት ነው? በፍጹም! የእኛ ነገር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ በጦርነት የተፈናቀሉ እናቶችን አነጋገረ እንበል። ስማቸውን ስለሰረዘ ብቻ ደበቅኋቸው ቢል ተሳስቷል። ቀበሌው፣ ዕድሜያቸውና የልጆቻቸው ቁጥር ከተጻፈ የመንደሩ ሰው በአንድ አፍታ ይለያቸዋል። ካድሬውም እንዲሁ። በዓለም ላይ የተለመደው መርሕ «የሚቻለውን ያህል ክፍት፣ የሚያስፈልገውን ያህል ዝግ» ይላል። የካናዳው ፖሊሲም ቢሆን መረጃን በማኅደር ማስቀመጥንና ለሁሉም ማጋራትን አንድ አያደርጋቸውም።

የካናዳ ነባር ሕዝቦች ይህን ቀድመውን ተረድተዋል። ለዘመናት ሲጠኑ ኖረው፣ ጥናቱ ግን ለእነሱ ሳይመለስላቸው ስለቀረ እ.ኤ.አ. በ1998 አራት መርሖች አወጡ፤ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነት፣ ይዞታ። የጎጃም ገበሬም ሆነ የቦረና አርብቶ አደር ይህን ቢጠይቅ ምን ስሕተት አለው?

ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ እንላለን። ጥናቱን ሳትጀምሩ የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ጻፉ። የመረጃው ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከቤታችሁ ርቆ ይደር። የስሞቹን ዝርዝር ከቃለ ምልልሱ ለይታችሁ ቆልፉበት። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲገባው መግለጫ አያይዙ። ከሁሉ በላይ፣ ቃሉ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ለሰጣችሁ ሰው ገና ከመጀመሪያው በራሱ ቋንቋ ንገሩት። ውጤቱንም መልሱለት።

እኛ በስደት ያለን ወገኖች መንግሥት የሟቹን፣ የእስረኛውንና የተፈናቃዩን ቁጥር ይግለጥ ብለን ስንጮህ ኖረናል፤ ተገቢም ነው። የራሳችን ልጆች የሰበሰቡት ሲሆን ግን በመሳቢያ ከተቆለፈ፣ ወይም ያለጥንቃቄ ተበትኖ ሰው ካሳሰረ፣ በምን አፋችን እንናገራለን?

የእኛ ደብተሮች እንደወጡ ቀርተዋል። የእናንተ እንዳይቀር።

ቸር ይግጠመን።