የጽጌ ሌሊት በጣርማ በር

በጥቅምት ቅዳሜ ማታ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ታች ሸዋ ሮቢት ገበሬው ገና ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል፤ እዚህ ላይ ግን ጋቢ ያልደረበ አያመሽም። ያም ሆኖ ምእመኑ በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ወርኃ ጽጌ ነዋ!

ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ነው። ጽጌ ማለት አበባ ነው። በዚህ ወቅት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰባል። በየሰንበቱ ሌሊት የሚቆመው ማኅሌተ ጽጌ የአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት ነው፤ ዘመኑም 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደሆነ ይገመታል። አባ ጽጌ ድንግልና ወዳጃቸው አባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታ በየዓመቱ ተገናኝተው አብረው ይቆሙት እንደነበር ይነገራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ቃሉ ግእዝ በመሆኑ ብቻ ተስፋ እንዳይቆርጥ አደራ እላለሁ። ጆሮውን ለአንድ ነገር ያንቃ፦ ያው ቃል ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚጨመርበት። መሪው ያነሣዋል፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ሊቃውንት ይቀባበሉታል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ከዜማው ጋር ወርዶ ይነሣል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጦ በቀስታ ይመታል፤ ዜማው ሲፈጥን መቺው አንግቶት ይነሣል፣ ጭብጨባውም ይከተላል። ያን ጊዜ ብርዱን ማን ያስታውሰዋል?

ማኅሌተ ጽጌ በተደረሰበት ዘመን ገደማ አውሮፓ ውስጥ ጆስካን ደ ፕሬ፣ ኋላም በ1594 እ.ኤ.አ. ያረፈው ፓለስትሪና፣ ለየቅል የሚሄዱ ብዙ ድምፆችን ባንድ ጊዜ የሚያስማማ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይደርሱ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ሁሉንም ድምፅ ባንድ ዜማ ላይ አኖሩ፤ ጥበባቸውን ያፈሰሱት በርክርኩና በሂደቱ ላይ ነው። ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሠው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አበጁ። ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ከፊደሉ በላይ የተረጨውን ይዘት፣ ደረት፣ ድፋትና ጭረት ያውቀዋል። ከቃሉ አጠገብ ቁጥብ ብሎ የተቀመጠች አንዲት ጭረት ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ለተማሪው ትነግረዋለች። ያም ሆኖ ምልክቱ ያለ መምህር አፍ አይፈታም፤ ተማሪው ዓመታት ቁጭ ብሎ ይቀጽላል።

ሌሊቱ ነግቶ ቅዳሴው ሲያበቃ ተራው የሰንበት ተማሪዎች ነው። ነጭ ለብሰው ያንኑ ስደት በአማርኛ መዝሙር ይዘምራሉ። አንዳንድ አባቶች አዲሱ መዝሙር የያሬድን ዜማ እንዳይለቅ ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። እኔ ግን በመዝሙር የጀመረች ልጅ አንድ ሌሊት ከእናቷ ጋቢ ሥር ሆና ቁም ዜማውን ስትሰማ፣ ታሪኩን ቀድማ ስለምታውቀው ዜማው ቶሎ ይቀርባታል ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። የስደቱ ዝማሬ በዚያን ሌሊት ይፈጸማል፤ ማሽላውም በቆላው መታጨድ ይጀምራል።