ከብቱን ያዳነች ፍየል

ዋግ ኽምራ ውስጥ ፍየል ሲከተብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ላሳያችሁ። ማለዳ ነው። መንጋው በእሾህ አጥር ታጉሯል። እረኛው ልጅ አንዷን በቀንዷ ይዞ ይጎትታል፤ እሷ አራት እግሯን ተክላ እምቢ ትላለች። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ከበረዶ ሳጥኑ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ያወጣል። ውስጧ ያለው ደረቅ ነገር ነው፤ ነጣ ያለ፣ ቅንጣቢ ኖራ የሚመስል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጨምሮ ይበጠብጠዋል፣ 1 ሚሊ ሊትር ይስባል፣ ቆዳዋን ቆንጥጦ አንስቶ ከሥሩ ይወጋል። አንዴ ጮኻ ትፈናጠራለች፣ በቃ። ቀጣይዋ! ሁሉም የሚጣደፈው ክትባቱ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ስለሚበላሽ ነው። ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሙቀት አይጠፋም።

ይህን ያነሳሁት አንዲት ወዳጄ ቡና ላይ የጠየቀችኝ ነገር አልለቅ ስላለኝ ነው። «መድኃኒት እንስሳ ላይ መሞከር ጭካኔ አይደለም ወይ?» አለችኝ፤ ያውም የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ካጣጣምን በኋላ። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። አሁን በዚያች ብልቃጥ በኩል ልሞክረው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታገሱኝ።

ፍየሏ የምትከተብለት በሽታ ፒ.ፒ.አር ይባላል። ትኩሳት ያስነሳባታል፣ ዓይንና አፍንጫዋን ያዝረከርካል፣ አፏን ያቆስላል፣ ያስቀምጣታል፣ ሳንባዋን ይይዛል፤ ግልገሎችን ደግሞ ጨርሶ ይጠርጋል። በአማርኛ ስሙ «ደስታ መሰል በሽታ» ነው። ደስታ? አዎ፣ ያ የጥንቱ የከብት እልቂት በአማርኛ «ደስታ» ነው የሚባለው። ሰዋችን የሚፈራውን አቆላምጦ ይጠራል፤ ጅቡን «አያ» እንደሚለው መሆኑ ይመስለኛል።

ደስታ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ገደማ፣ የጣልያን ጦር ለቀለቡ ከህንድ ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር ነው። ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ ይባላል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ እህል የለም፤ ድርቁና አንበጣው ታከሉበትና እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ሆነ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው አሳይተዋል፣ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን መሬቱን እንዲነካ። በሽታው ግን እዚህ አልቆመም፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

እንግዲህ ሳይንቲስቶች ምን አደረጉ? በ1896 መጨረሻ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ከታመሙ ከብቶች የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን እንደሚከላከል አሳየ። ይሠራል፤ ግን ክትባት ለማግኘት መጀመሪያ የሚሞት ከብት ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ ህንድ ውስጥ ኤድዋርድስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም የተለየ መንገድ ሞከረ። ቫይረሱን ወደ ፍየል አስገባ፣ ከዚያች ወደ ሌላ ፍየል፣ ከሌላዋ ወደ ሦስተኛዋ፣ እንዲህ እያለ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ አዘዋወረው። ቫይረሱ ፍየል ፍየል ሲለምድ ከብት መግደሉን እየረሳ ሄደ! ኬንያ፣ ካቤቴ ያሉ ተመራማሪዎችም ይህን ዘዴ ተቀብለው ፍየሏን በቫይረሱ ይወጉ፣ ትኩሳቱ ሲነሳባት ያርዷት፣ ጣፊያዋን አውጥተው አድርቀው ክትባት ያደርጉት ነበር። እኛ ለጥብስ የማንመርጠው ጣፊያ የስንቱን አገር በሬ አተረፈ!

ልብ በሉልኝ፤ የፍየል ውለታ ከብት ላይ የተጻፈው እዚህ ላይ ነው። ያቺ ፍየል ታማ ታርዳለች፣ ለራሷ ዘር ሳይሆን ለበሬ። ፈቃዷን የጠየቃት የለም፤ መቼም ፍየል ብትጠየቅ መልሷ ይታወቃል፣ አራት እግሯን ተክላ ነግራናለች።

ቀጥሎ የመጣው የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኬንያ፣ ሙጉጋ ላይ፣ ቫይረሱን ያላመደው በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ አይደለም። ከጥጃ ኩላሊት የተወሰዱ ሴሎችን በጠርሙስ አራብቶ በነሱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዙር የሚታመም ፍየል ቀረ፤ ክትባቱም ከቀድሞው ይልቅ የዋህ፣ ርካሽና ዕድሜ ልክ የሚከላከል ሆነ። በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው በዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2008 ከደስታ ነጻ ተባለች፤ በ2011 ደግሞ መላው ዓለም። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ውለታውም ተመልሷል። የከብቱ ክትባት ለረጅም ጊዜ ፍየልን ከፒ.ፒ.አር ለመከላከልም አገልግሏል፤ ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ናቸውና። ዛሬ ያለው ግን በ1975 ናይጄሪያ ውስጥ ከፍየል ከተወሰደ ቫይረስ የተሠራ፣ የፍየልና የበግ የራሳቸው ክትባት ነው። እኛም አገር ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል።

ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ እንዳይሆንብኝ፣ ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። አንድ ክትባት መሥራቱ መጀመሪያ የሚታወቀው እንዴት ነው? ፍየሎች ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ይከተባሉ፣ ግማሾቹ አይከተቡም። ከሳምንታት በኋላ ሁሉም ላይ ኃይለኛው ቫይረስ ይለቀቃል። የተከተቡት ያመሰኳሉ፤ ያልተከተቡት ዓይናቸው ያነባል፣ ይጋደማሉ። ያልተከተቡት ባይታመሙ ኖሮ የተከተቡት በክትባቱ ይዳኑ በዕድል አይታወቅም ነበር። ጭካኔ ካለ ያለው እነዚያ የተጋደሙት ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አንፈልገው። ሰቆጣ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከአበርገሌ ፍየል ጋር የሚሠራው ሥራ አብዛኛው ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ግልገል መመዘን፣ የወተት መጠን መመዝገብ፣ ጥሩ አውራ መምረጥ ነው። እሱንም «በእንስሳ ላይ የሚደረግ ምርምር» ብሎ አንድ ላይ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፍየል ለፍየል ስትታመም ልባችን ትንሽ ይረጋጋል። በግ ለሰው ስትታመምስ? እዚህ ላይ ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ እንውረድ፣ ወደ ፓስተር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ለብዙ አሥርት ዓመታት እብድ ውሻ የነከሰው ኢትዮጵያዊ የሚወጋው ክትባት የተሠራው ከበግ ጭንቅላት ነበር። የእብድ ውሻ ቫይረስ በበጓ አንጎል ውስጥ ይከተታል። ቀናት ቆይቶ በጓ ሽባ ስትሆን ትታረዳለች፤ አንጎሏ ወጥቶ ይፈጫል፣ በኬሚካል ይታከማል፣ ይወጋል። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱን ይወጋ ነበር። አጎቴ ከነዚያ ተወጊዎች አንዱ ነው፤ ውሻውን ረስቶታል፣ መርፌውን ግን እስከ ዛሬ ይቆጥርላችኋል።

ሥቃዩ መርፌው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የበግ አንጎል ማይሊን የሚባል፣ ነርቭን እንደ ሽቦ ልባስ የሚሸፍን ነገር ሞልቶበታል፤ የእኛም ነርቭ እንዲሁ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ቫይረሱን ለመምታት ሲሠለጥን አንዳንዴ የራሱን ነርቭ ጠላት አድርጎ ያጠቃል፤ ከተወጉት ጥቂቶቹ ሽባ የሚሆኑት በዚህ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ክትባት ይቅር ሲል ኖሯል። እኛ ግን ሌላውን የምንገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን ከብዙ አገር በኋላም ስንጠቀምበት ቆይተናል።

አዲሱ በሴል ላይ የሚራባ ነው፤ ክንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተወግቶ ያልቃል፣ ሽባ የሚያደርግ ማይሊን የለበትም፣ ሽባ የምትሆን በግም የለችም። ወዳጄ ሆይ፣ ልነግርሽ የፈለግሁት ይህን ነው። ብዙዎቻችን «ለእንስሳው ማዘን በሰው ላይ መጨከን ነው፣ ወይ እሱ ወይ እኛ» ብለን እናስባለን። በጓ ግን ሌላ ትናገራለች፤ ለበጓ የከፋው ክትባት ለሰውም የከፋው ነበር። ፍየሏም እንዲሁ፤ ጣፊያዋ ሲቀር ክትባቱ ተሻሻለ። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 «በሌላ ተካ፣ ቁጥሩን ቀንስ፣ ሥቃዩን አቅልል» ብለው የጻፉት የርኅራኄ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የጥሩ ሳይንስ ምክርም ነው።

እጃችን ንጹሕ ነው ግን አልልም። ለእብድ ውሻም ለፒ.ፒ.አርም ክትባት በብዛት የሚያገለግሉት ቬሮ የሚባሉ ሴሎች በ1962 ጃፓን፣ ቺባ ላይ ከአንዲት አፍሪካዊት ጦጣ ኩላሊት የተወሰዱ ናቸው። ጦጣዋ ሞተች፣ ሴሎቿ ዛሬም በመላው ዓለም ይራባሉ። ሴል የሚመገበው ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ከታረደች እርጉዝ ላም ሆድ ከወጣ የጥጃ ፅንስ ደም የሚገኝ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ጉልበትም ሲለካ የኖረው በአይጥ ነው። ስለዚህ «ጭካኔ አይደለም ወይ?» ለሚለው መልሴ «አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፣ አንዳንዱም ትናንት ግድ የነበረ ዛሬ ግን ሰበብ የሌለው ነው» የሚል ነው። ሌላ መንገድ እያለ በድሮው በግ አንጎል መቀጠል ጭካኔ ነው፤ የአበርገሌን መንጋ የሚያተርፍ ክትባት በጥቂት ፍየሎች ላይ መፈተን አይደለም፤ ሲፈተንም የሚያጣጥረው እንስሳ እስኪሞት መጠበቅ የለብንም።

ፒ.ፒ.አርን ከምድር ለማጥፋት የተቀጠረው ዓመት 2030 ነው። ታላቅ ወንድሙ ደስታ ዛሬ በየትኛውም በረት የለም፤ ያለው በጥቂት አገሮች ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎ ነው። ከነዚያ ማቀዝቀዣዎች አንዱ የሚገኘው እዚሁ ቢሾፍቱ፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ውስጥ ነው።